ጠይቁን፦ ብሌድ፣ በርኖስና የስኳር ደም

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ጥቁር መነጽርና ረጅም ካፖርት የማይለየው የቫምፓየር አዳኝ፣ ብሌድ። አንዳንዶቹ ስለ ፊልሞቹ ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹ በድራማ ክበባቸው አስመስለው ሊሠሩት ተነሥተው መሐል ላይ ተቸግረዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሚኩን በስልኬ አግኝቼ አነበብኩት። ብሌድ አረንጓዴ መነጽር አድርጎ በእንጨት ቢላዋ ነው የሚዋጋው፤ ጉልበቱም እንደ ፊልሙ አይደለም። ትክክለኛው የትኛው ነው?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ መሐል ሜዳ)

ያነበብሽው የመጀመሪያውን ብሌድ ነው። ብሌድ የተወለደው በ1973 በማርቭል «የድራኩላ መቃብር» ተከታታይ 10ኛ ቁጥር ላይ ነው። ጸሐፊው ማርቭ ዎልፍማን፣ ሠዓሊው ጂን ኮላን ናቸው። እናቱ ምጥ ላይ ሳለች ዲከን ፍሮስት የተባለ ቫምፓየር ነከሳት፤ ልጁ ግን ሰው ሆኖ ተወለደ። ያተረፈው ነገር ቢኖር ንክሻ ቫምፓየር አለማድረጉ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ቢወጉት ይደማል፣ ቢሮጥ ይደክማል። ደረቱ ላይ የእንጨት ቢላዋ ደርድሮ የሚዞረውም ለዚህ ነው፤ ጉልበቱ ስለማይመጣጠን በርቀት ወርውሮ ልብ መምታት አለበት።

ግማሽ ሰው ግማሽ ቫምፓየር ያደረገው የ1998ቱ ፊልም ነው። ዴቪድ ጎየር ጻፈው፣ ስቲቨን ኖሪንግተን አዘጋጀው፣ ዌስሊ ስናይፕስ ተጫወተው። ፊልሙ የቫምፓየሮቹን ጉልበት ሰጠው፤ ፀሐይም አትነካውም አለ፤ ጥማታቸውን ግን አብሮ ጫነበት። ጥማቱን የሚያስታግሰው ሴረም ነው፣ ሴረሙም ውሎ አድሮ እየለመደው ኃይሉ ይቀንሳል። ለስክሪን ይህ ለውጥ የግድ ነበር ባዮች ነን። ኮሚክ ላይ የሰውየው ሐሳብ ከራሱ በላይ በደመና ይጻፋል። ፊልም ላይ ዝም ያለ ሰው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሴረሙን ሲወጋና ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ ያየ ተመልካች ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠና ኮሚኩ ፊልሙን ተከተለ። ሞርቢየስ የተባለ ገጸ ባሕርይ ነከሰውና በኮሚኩም የፊልሙን ጉልበት አገኘ። ፍሮስትም በኮሚኩ ሽበታም ሽማግሌ ሲሆን ስቲቨን ዶርፍ የተጫወተው ግን ወጣት ነው። ጠጋኙና አማካሪው ዊስለር ደግሞ በድሮው ኮሚክ ጭራሽ የለም። ለፊልሙ ተብሎ የተፈጠረ ሲሆን፣ ፊልሙ እስኪሠራ ሳይቆይ በሸረሪት ሰው የካርቱን ተከታታይ ላይ ቀድሞ ብቅ አለ።

«ፊልሞቹን በፍላሽ አስጭኜ ነበር፤ ግን ተቀላቅለው ነው የተጫኑት። አንዱ ላይ የሞተው ሽማግሌ ሌላው ላይ በሕይወት አለ። ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?» (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

1998፣ 2002፣ 2004። ሽማግሌው ዊስለር ነው (ክሪስ ክሪስቶፈርሰን)። በመጀመሪያው ፊልም በቫምፓየሮቹ ከተነከሰ በኋላ ብሌድ ሽጉጥ ትቶለት ይወጣል፤ ተኩሱን እንሰማለን እንጂ ሲሞት አናይም። ሁለተኛው ፊልም የሚጀምረው ብሌድ እሱን ፍለጋ ሲዞር ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የቆረጠ ቅጂ ከደረሰዎት ግራ መጋባትዎ አይገርምም።

ጊዜ ካጠረዎት ሁለተኛውን አይዝለሉ። የጊየርሞ ዴል ቶሮ ሥራ ነው፣ ፕራግ ላይ ተቀርጿል። ብርም ነጭ ሽንኩርትም የማይገድላቸው፣ አገጫቸው ለሁለት የሚከፈል አዲስ ዓይነት ፍጡራን ስለሚያመጣ ቫምፓየሮቹ ራሳቸው ፈርተው ከብሌድ ጋር ይተባበራሉ። ሦስተኛውን ጎየር ራሱ አዘጋጀው። ራያን ሬይኖልድስና ጄሲካ ቢል ተጨምረውበት ቀልዱ በዛ፣ ብሌድ በገዛ ፊልሙ እንግዳ መሰለ። በ2006 በቴሌቪዥን የቀረበው ተከታታይ ሌላ ተዋናይ የተጫወተው ሲሆን ከአንድ ዙር አላለፈም። ባያዩት ብዙ አይጎድልብዎትም።

«‹ቫምፓየር አዳኝ› የሚለው አማርኛ ከማደን ነው ከማዳን? ተማሪዎቼ እያሳቁብኝ ነው።» (የአማርኛ መምህር፣ እነዋሪ)

ልጆቹ ልክ ናቸው። «ቫምፓየር የሚያድን ሰው» ብለው ቢጽፉ አንባቢው ሐኪም ይመስለዋል። የትርጉም ፊልም ላይም ይኸው ችግር ይሰማል። ለፖስተር ከሆነ «ቫምፓየር ገዳይ» ይበሉ፤ በፉከራ ላደገ የሸዋ ጆሮ «ገዳይ» ስድብ ሳይሆን ማዕረግ ነው። ዴይዎከር የሚለውን የብሌድን ቅጽል ደግሞ «ቀን ተጓዥ» አይበሉብን፤ የአውቶቡስ ስምሪት ይመስላል። «ፀሐይ የማይነካው» ይሻላል።

«የላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። ፊልሙ ላይ ቫምፓየሩን ያፈነዳው መድኃኒት ኢዲቲኤ ይባላል። እኛ ደም የምንቀዳበት ቱቦ ውስጥ ያለው ነው ወይስ በስም ብቻ ነው የተመሳሰሉት?» (ደብረ ብርሃን)

ራሱ ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው፣ ለደም ሴል ቆጠራ የምትጠቀሙበት ቱቦ ማለት ነው። ደም ለመርጋት ካልሲየም ይፈልጋል፤ ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ጨብጦ ይይዝበታል፣ ደሙም ሳይረጋ ይቆያል። 4 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የተለመደው ቱቦ ውስጥ 7 ሚሊ ግራም ያህል ተረጭቶ ደርቋል፤ በዓይን እንኳ በደንብ አይታይም። ታዲያ በፊልሙ የደም ሐኪሟ ካረን ጄንሰን የቫምፓየር ደም ላይ ጠብ ስታደርገው ይፈላና ይፈነዳል፤ መጨረሻ ላይም ብሌድ ፍሮስትን በሲሪንጅ በሲሪንጅ ይወጋዋል።

በእውነቱ ዓለም አይፈነዳም፤ ሐሳቡ ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ለእርሳስ መመረዝ የሚሰጥ የኢዲቲኤ ዓይነት አለ፤ እሱ አስቀድሞ ካልሲየም የተጫነበት ነው። በስሕተት ካልሲየም ያልተጫነበት ከተሰጠ ከታካሚው ደም ካልሲየሙን ጠርጎ ልብ ሊያቆም ይችላል። ጸሐፊው አጋነነ እንጂ አደገኛ ነገር መምረጡን ያውቅ ነበር።

አንተ በየቀኑ የምትገጥመው አደጋ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ብዙ ሰው ያሳስታል። ቱቦውን ከሞላህ በኋላ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ገልብጠው። ካልገለበጥከው በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ርጋት ይፈጠርና ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ሴሎች) ሳያንስ ያነሰ ሆኖ ይነበባል። አጥብቀህ ብትነቀንቀው ደግሞ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ያኔ ነው ፊልሙን የምትመስለው። ደሙ ከመስመሩ በታች ከሆነ ኢዲቲኤው በዝቶ ሴሎቹን ያኮማትራል። ከሐምራዊው ወደ ሌላ ቱቦ ደም አትገልብጥ፤ ፖታሲየሙ ሰማይ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ይወርዳል፣ ሐኪሙም ጤነኛውን ሰው ሊያክም ይሯሯጣል።

«ፍሮስት ቫምፓየር ሆኖ በቀን መናፈሻ ውስጥ ቆሞ ከብሌድ ጋር ያወራል። ይህ የአዘጋጁ ስሕተት ነው? እንደኛ አገር ጭጋግ ቢሆን ይገባኝ ነበር።» (ደብረ ሲና)

ስሕተት አይደለም፤ ፊቱን ልብ ብለሽ ብታዪው በፀሐይ መከላከያ ክሬም ተለስኗል። ፊልሙ የሚለው ቫምፓየርን የሚያቃጥለው ብርሃኑ ሳይሆን በውስጡ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህን ከያዝን የጣርማ በር ጭጋግ ለቫምፓየር አስተማማኝ መጠለያ አይሆንም፤ ስስ ደመና ብዙውን ጨረር ያሳልፋል። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ጨረሩ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ብርዷ ቢያታልልም ከሸዋ ሮቢት ቆላ የበለጠ ታቃጥላለች። የመንዝ እረኛ ጉንጩ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ክሬሙም ቢሆን በየ2 ሰዓቱ ካልታደሰ ይሟሽሻል። ፍሮስት ወሬውን ማሳጠሩ ብልህነት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ሌሎችም ስለጠየቁን። ለትዕይንት ብላችሁ የክፍል ማጽጃ የጀርም መግደያ መብራት እንዳትጠቀሙ። በደቂቃዎች ውስጥ ዓይን ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚጀምረውም ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ በጊዜው አታውቁትም። ተራ አምፖል ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ ከወደ ፊቱ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጉ። ካሜራው ልዩነቱን አያውቅም።

«የድራማ ክበባችን የ8 ደቂቃ ፊልም በስልክ እየቀረጸ ነው። የቆዳ ካፖርት ስላላገኘን የአያቶቻችንን ጥቁር በርኖስ ተዋስን። ሲቀረጽ ግን ተዋናዩ ጭንቅላቱ ብቻ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ምን እናድርግ?» (የድራማ ክበብ፣ መንዝ)

በርኖሱን አትመልሱት። ከዚህ የተሻለ የአገር ብሌድ የለም። ችግሩ ያለው ጨርቁ ላይ ነው። ቆዳ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ይልካል፤ የስናይፕስ ካፖርት በጨለማ የሚታየው በጫፎቹ ላይ ባለው ቀጭን ነጭ መስመር ነው። የበግ ሱፍ ግን ብርሃኑን ውጦ ያስቀራል። ከፊት ለፊት መብራት ብትጨምሩ ፊቱ ይነጣል እንጂ በርኖሱ አይወጣም።

መብራቱን ወደ ኋላ ውሰዱት። ከተዋናዩ ጀርባ 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከራሱ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎን ዘንበል ያለ ጠንካራ ባትሪ ይብራ። ሱፉ ጸጉራም ስለሆነ ጫፉ ላይ ያለው ጭረት ሁሉ ብርሃን ይይዛል። እንዲያውም ከቆዳ የበለጠ ያምራል። ፊቱ ላይ የምታሳርፉት ብርሃን ደካማ ይሁን፤ ነጭ ወረቀት ላይ ተንጸባርቆ የመጣ ይበቃል። ከዚያ ስልኩ ላይ የበራውን የትከሻ ጠርዝ በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙትና ብርሃኑ እንዲቆለፍ አድርጉ፣ ከዚያም ትንሽ አጨልሙት። ካልቆለፋችሁት ስልኩ ጨለማ ያየ መስሎት ሥዕሉን በራሱ ያነጣዋል፣ በነጠብጣብም ይሞላዋል።

ሁለተኛው ጣጣ እንቅስቃሴ ነው። የቆዳ ካፖርት ሲዞሩ ይከፈታል፤ በርኖስ እግር ላይ ይጠመጠማል። ጠርዙ ላይ ከውስጥ በኩል በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ጠፍጣፋ ትንሽ ሮንዴላ በልቅ ስፌት ያዙበት። ተዋናዩ ሲዞር ክብደቱ ጨርቁን ወደ ውጭ ይወስደዋል። ትልቅ ሮንዴላ ግን ቅልጥም ይመታል። በመቀስ ምንም አትንኩ፤ የተዋሳችሁት ንብረት ነው፣ ክሩ ተፈትቶ ሲወጣ ምልክት መቅረት የለበትም። በርኖሱ እጅጌ ስለሌለው ከሥሩ ጥቁር ሹራብ ይልበስ።

መነጽሩ ውስጥ ቀራጩና ስልኩ ከታዩ ከጆሮ በላይ የሚያርፉትን እጆቹን በትንሽ ጥጥ ከፍ አድርጉት፤ መስተዋቱ ወደ መሬት ያዘነብላል። በሌሊት ጥቁር መነጽር ያደረገ ልጅ ግን አያይም። ድብድቡን መጀመሪያ ያለ መነጽር፣ በግማሽ ፍጥነት፣ እግራቸው የሚያርፍበት እስኪለምዳቸው አለማምዷቸው። ስናይፕስ ራሱ ካራቴ በልጅነቱ የጀመረና በድብድቦቹ ቅንብር የተሳተፈ ሰው ነው። የፊልሙ ድብድብ የሚያምረው ካሜራው ራቅ ብሎ እግሩን ጭምር ስለሚያሳይ ነው። እናንተ የቸኮላችሁ ጊዜ ፊት ላይ ብቻ ትጠጋላችሁ፤ ምቱ የት እንደሄደ ተመልካች አያውቅም።

ለሰይፉ ወይራ አትምረጡ። ከባድ ነው፣ የሳተ እንደሆነ ጣት ይሰብራል። 75 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ በስስ ስፖንጅ ሸፍናችሁ የብር ቀለም ርጩበት። ለምግብ መጠቅለያ የሚሆነው የብር ወረቀት በሁለተኛው ምት ይጨማደድና ሰይፉ የተጠቀለለ ዳቦ ይመስላል። በፊልሙ የብሌድ ሰይፍ እጀታው ላይ ወጥመድ አለው፤ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ከያዘው ምላጭ ይወጣበታል። ያንን ለማስመሰል እጁን የሚያጣውን ልጅ ፊት ብቻ ቅረጹ፣ ድምፁን ከኋላ አስገቡ።

«በበርበሬና በቀይ ሥር ደም ሠርተን አልሆነልንም። አንዱ ልጅ ዓይኑን አቃጠለው። የበግ ደም ብንጠቀምስ?» (ሸዋ ሮቢት)

በርበሬውን ተዉት፤ ቆዳ ላይ ያለው እንኳ በላብ ወደ ዓይን ይወርዳል። ቀይ ሥር ካሜራ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ሲፈላ ደግሞ ይቡንናል። የበግ ደም ከታረደ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይረጋል (ከላይ ለላብራቶሪው ተማሪ የመለስነውን አንብቡት)፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ አፍና ቁስል ከነካም በሽታ ያመጣል።

2 ብርጭቆ ስኳር በ1 ብርጭቆ ውኃ ጣዱ። ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይውረድና ይቀዝቅዝ። 2 የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ። ይህ ብቻውን ከረሜላ ነው የሚመስለው፤ ደም የሚያስመስለው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካካዎ ነው። ካካዎውን በቀጥታ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፤ አስቀድማችሁ በትንሽ ሙቅ ውኃ በጥብጡት። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ጨምሩበት። ነጭ ሳህን ላይ አፍስሳችሁ ዘንበል ስታደርጉት ጠርዙ ላይ ቀይ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ቡና ዓይነት ከሆነ ደርሷል።

ይህ ልክ ለደጋ ይወፍራል። ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ እንደ ማር ይቆማልና ስኳሩን ወደ 1 ብርጭቆ ተኩል ዝቅ ማድረግ ነው። በእናንተ ሙቀት በተቃራኒው ይቀጥናል፤ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ስኳሩ ሲፈላ ጨምሩ። ንብና ዝንብ ይመጣሉ፤ ከቀረጻው 10 ደቂቃ ቀድማችሁ እንጂ ከጠዋት ጀምሮ አትቀቡት። ቀለሙ ጨርቅ ስለማይለቅ በነጠላ ላይ አትሞክሩት። ልብስ ላይ ለሚፈሰው ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ቢደባለቅበት ሲታጠብ ይቀላል፤ አፍ ውስጥ የሚገባውን ግን ለብቻ አስቀምጡት። ወተት የሌለበት ካካዎ ከሆነ የጾም ነው፤ የሚጾመው ልጅ ግን ሰዓቱ ሳይደርስ ጥርሱን አትቀቡት።

«ቫምፓየሩን በቡዳ ተክተን፣ ጀግናው ደግሞ በመስቀልና በጠበል ቢያሸንፍ ለአገራችን አይቀርብም?» (መምህር፣ አንኮበር)

ሁለት ነገር አለበት። በብሌድ ፊልም መስቀል ቫምፓየር ላይ አይሠራም፤ በግልጽ ይነገራል። ፊልሙ ቫምፓየርነትን በደም የሚተላለፍ በሽታ አድርጎ ስለያዘው መድኃኒቱን እንደ ብር፣ ነጭ ሽንኩርትና ፀሐይ ያለ ነገር አድርጓል። ይህን ከለወጡ ሌላ ታሪክ ነው፤ መብትዎ ነው፣ ግን ሐኪሟና ሴረሙ ሥራ ይፈታሉ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ነጭ ሽንኩርት በሁለቱም መኖሩ ያቀራርባቸዋል፤ ነገር ግን ቫምፓየር የሌለ ፍጡር ሲሆን ቡዳ የሚባለው ጎረቤት ነው። በሰሜን ሸዋ ይህ ስም የተለጠፈው ጠይብ እየተባሉ በኖሩት አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ላይ ነው። ማረሻውንም ምጣዱንም ከእነሱ ወስዶ ማዕድ ግን አብሮ ላለመቅረብ ሰበብ ሆኗል። ክፍልዎ ውስጥ የአንጥረኛ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ጀግናው ሰይፍ ይዞ የሚያባርረው አባቱን ይመስለዋል። ብንሆን ገልብጠን እንሠራው ነበር። ብሌድ እኮ ከሁለቱም ወገን የተገፋ ሰው ነው፤ መሣሪያውን የሚሠራለት ዊስለር ደግሞ ብረት የሚቀጠቅጥ ሽማግሌ። ዊስለርን አንጥረኛ ያድርጉትና ይሞክሩት።

«ማህርሻላ አሊ የሚሠራው አዲሱ ብሌድ ምን ደረሰ?» (ዓለም ከተማ)

በ2019 ሳን ዲዬጎ ላይ ታወጀ። በ2021 በወጣው «ኢተርናልስ» ፊልም ማብቂያ ላይ የአሊ ድምፅ ብቻ ተሰማ። መጀመሪያ ለኅዳር 2023 ተቀጥሮ ነበር፤ አንድ አዘጋጅ በ2022፣ ሁለተኛው በ2024 ለቀቁ፣ ቀኑም ደጋግሞ ተገፋ፣ በጥቅምት 2024 ከመውጫ ሰሌዳው ላይ ተነሣ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን «ዴድፑል እና ዎልቨሪን» ውስጥ ስናይፕስ መነጽሩንና ካፖርቱን አድርጎ ሳይታሰብ ገባ። ከሦስተኛው ፊልም 19 ዓመት ከ231 ቀን በኋላ ነው። ዕድሜው 62 ሊሞላ ቀናት ቀርተውት ነበር።